እትዬ ያላሉት ዓረፍተ ነገር

ከመጋዘን ሥራ ወጥቼ ሕመምተኞች የሚያመላልስ ቫን መንዳት የጀመርኩት በ2020 ነው፤ ኮሮና ገብቶ የምኖርበት የአሜሪካ ከተማ ኮለምበስ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ጊዜ። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎቼ የኩላሊት ሕመምተኞች ነበሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸውን በማሽን ወደሚታጠቡበት ዳያሊሲስ እወስዳቸዋለሁ፤ ሲሄዱ ያወራሉ፣ ሲመለሱ ደክሟቸው ዝም ይላሉ። በእኔና በእነሱ መካከል ወፍራም ፕላስቲክ ተጋርዶ ስለነበር ወሬያቸው በደንብ አይሰማኝም። ስለዚህ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ከእኔ በፊት ቫኑን ይነዳ የነበረው ሰው ትቶት የሄደው ጣቢያ የሕዝብ ሬዲዮ ነበር። ዘፈን እምብዛም የለውም፤ ተናጋሪዎቹም አይጣደፉም። መጀመሪያ የከፈትኩት ለእንግሊዝኛዬ ብዬ ነው። በኋላ ግን አንድ ፕሮግራም ያዘኝ። ስለ አሜሪካ ከተሞች ችግር የሚቀርብ ረጅም ዶክመንተሪ ነበር። አንድ ሳምንት የቧንቧ ውሃው ስለማይጠጣ ከተማ፣ ሌላ ሳምንት ፋብሪካው ጥሎት ስለሄደ ከተማ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ኪራይ አልቀመስ ብሏቸው መኪና ውስጥ ስለሚያድሩ ሠራተኞች። እኔ ባደግኩበት ሬዲዮ የሚናገረው ባለሥልጣን ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው ሲያጨበጭብ ብቻ ነው። እዚህ ግን ድሃው ራሱ፣ ከነሳሉ፣ ከነመንተባተቡ፣ ማንም ሳያቋርጠው ይናገራል። ይሄ ገረመኝ። ከመገረሜም የተነሳ የሰማሁትን ሁሉ አመንኩ።

ከተሳፋሪዎቼ አንዱ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ። አንድ ቀን ፕሮግራሙ አውራ ጎዳና ሲሠራ ለሁለት ስለተቆረጡ የጥቁር ሰፈሮች ነበር። ሽማግሌው ፕላስቲኩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ድምፁን ጨምረው» አሉኝ። ጨመርኩት። ክሊኒኩ በር ላይ ከደረስን በኋላም ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አልወረዱም።

«የእኛም ሰፈር እንዲሁ ነው የሆነው» አሉ በመጨረሻ። «የእናቴ ወጥ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ መኪና ይሮጥበታል።»

«ይሄን ለሬዲዮ ነግረዋል?» አልኳቸው።

«ማን ጠይቆኝ?»

ብርዱ ሲገባ ስማቸው ከዕለት ዝርዝሬ ላይ ጠፋ። በእኛ ሥራ ሰው መሞቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ የሚነግረን የለም። «ማን ጠይቆኝ» ያሉት ነገር ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ይመጣብኝ ነበር።

እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን የምንኖረው ዋይትሆል የሚባል የከተማው ዳርቻ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት በኩል፣ አንድ የአፓርትመንት ኮምፕሌክስ ውስጥ ነበር። ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ሕንፃዎች ናቸው። ከእኛ በታች ባለው ቤት እትዬ ይኖሩ ነበር።

እትዬ ስድሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር በዲቪ ነው የመጡት። ልጅ አልወለዱም፤ ዘመድ የሚሉት ዴንቨር ያለ የወንድማቸውን ልጅ ብቻ ነው። እሳቸው ሆቴል ክፍል ያጸዱ ነበር፤ ባለቤታቸው ፓርኪንግ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በ2020 መጨረሻ ባለቤታቸውን ኮሮና ያዛቸው። አምቡላንስ ሲመጣ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። ሰውዬው ከሶፋቸው ተነስተው በገዛ እግራቸው ወጡ፤ እትዬን «መጣሁ» አሏቸው። እትዬ አብረው እንዲሄዱ አልተፈቀደላቸውም። ባለቤታቸው በዚያው ቀሩ፤ እትዬ ቀብሩን ያዩት በስልክ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሶፋ ላይ ማንንም አያስቀምጡም ነበር።

በ2021 ኮምፕሌክሱ ተሸጠ። ማን እንደገዛው የሚያውቅ አልነበረም። የማኔጅመንት ኦፊሱ ሠራተኞች አንድ በአንድ ሄዱ፣ ከዚያ ኦፊሱ ራሱ ተዘጋ፤ በሩ ላይ መልእክት ብቻ የሚቀበል ስልክ ቁጥር ተለጠፈ። ቆሻሻው ሳይነሳ ይከርማል። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ተቆለፈ። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ሕንፃችንን የሚያሞቀው ቦይለር ቆመ። ኦቨን ለኩሰን በሩን ከፍተን እንሞቅ ነበር። የኤሌክትሪክ ሂተር ስንሰካ መብራቱ ይጠፋል። ከእኛ ሻወር የሚንጠባጠበው ውሃ እትዬ ቤት ግድግዳ ላይ ወርዶ ጥቁር ሻጋታ ሆነ። እሳቸው በየሳምንቱ በክሎሪን ይፈትጉታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ቤት ውስጥ የባለቤታቸውን ካፖርት ለብሰው ነበር የሚውሉት።

ባለቤቴ በየቀኑ ከዚህ እንውጣ ትለኝ ነበር። እኔም መውጣት እፈልጋለሁ፤ ግን ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን ማለቴ ነው፣ አፍርሰን ብንወጣ የከፋይነት ስማችን የተመዘገበበት ክሬዲታችን ይበላሻል፣ ሌላ ቦታም አይቀበሉንም ብዬ እፈራለሁ። እንዲህ ስንነታረክ ጥር ገባ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ማስክ ያደረገች፣ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች ነጭ ሴት ነች። በእጇ ፀጉራም ነገር የለበሰ ማይክሮፎን ይዛለች። የሬዲዮ ጋዜጠኛ መሆኗን፣ ስለ ከተሞች የቤት ችግር ዶክመንተሪ እየሠራች መሆኗን ነገረችኝ። ፕሮግራሙን ስትጠራው ደነገጥኩ። ያው የቫኔ ፕሮግራም ነው! አድማጯ መሆኔን፣ ያለፈውን ዓመት ሁሉ መስማቴን ስነግራት ደስ አላት።

«ታዲያ አንተን ልቅዳ?» አለችኝ።

«እኔ ይቅርብኝ» አልኩ ወዲያው። ሊዙ በስሜ ነው፤ ድምፄን ቢያውቁትስ? «ግን ታች አንድ እናት አሉ። እንግሊዝኛ ብዙም አይችሉም፤ እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»

እትዬን አስቀድሜ ብቻቸውን አናገርኳቸው።

«እኔን? እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ?» አሉ።

«ያለውን መናገር ነው እንጂ እትዬ።»

«ጉዳት የለውም?»

«ምን ጉዳት አለው! ከተሰማ መጥተው ያስተካክሉታል።»

ተስማሙ። ሻይ አፈሉ፤ ነጠላቸውን ከካፖርቱ ላይ ደረቡ። ጋዜጠኛዋ ሶፋው ላይ ልትቀመጥ ስትል እትዬ በድንጋጤ «እሱ ላይ አይሆንም!» አሉ። እኔ «ሶፋው ተሰብሯል ነው የሚሉሽ» አልኳት። ማስረዳቱ ረጅም መስሎኝ ነው። ሳቀችና የወጥ ቤቱን ወንበር ሳበች።

ግድግዳውን ቀዳች ማለት ይቻላል፤ ማይክሮፎኑን ለሚንጠባጠበው ውሃ ሁሉ ደቅና ነበር። ከዚያ «እዚህ መኖር ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ትንሽ አሰቡና እንዲህ አሉ፦ «ቤቱ ክፉ አይደለም። የበረደው ማሞቂያው ስለቆመ ነው፤ እሱን ይሥሩልኝ። ሻጋታውን ያጥፉልኝ። ከዚህ ግን የትም አልሄድም። ባለቤቴ የወጣው ከዚህ ቤት ነው።»

እኔ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው «ይሄ ሰው የሚኖርበት ቦታ አይደለም ይላሉ» አልኩ። «ይበርዳል፣ ሻጋታ ነው። ባለቤታቸው ሞተዋል። የሚሄዱበት የላቸውም።»

እስከዛሬ ለምን እንዲያ እንዳልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። መዋሸቴ አልመሰለኝም። በዚያ ሬዲዮ ብዙ ሰው ሲናገር ሰምቼ ስለነበር፣ እንዴት ቢባል እንደሚሰማ የማውቅ መሰለኝ። «ማሞቂያውን ይሥሩልኝ» ማንን ያስለቅሳል? ጋዜጠኛዋ ግን ያልኳትን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይሄን ሳይ በረታሁ። ቀጥሎም እትዬ ያሉትን ትንሽ ትንሽ እያጠበቅኩ አስተረጎምኩ።

ፕሮግራሙ የካቲት ውስጥ ተላለፈ። አንዲት ተሳፋሪ አድርሼ ባዶ ቫን እየነዳሁ ነበር። በውሃው ጠብታ ጀመረ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ ለሁለት ሰከንድ ያህል በአማርኛ ተሰማ፤ ወዲያው ዝቅ አለና የጋዜጠኛዋ ድምፅ ላዩ ላይ መጣ፦ «ይሄ ሰው የሚኖርበት ቦታ አይደለም። የምሄድበት የለኝም።» የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው! መሪውን በእጄ መታሁት፤ ከደስታዬ ብዛት መኪናውን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ ጋር ደውዬ «ተሰማልን!» አልኳት። ለእትዬም ማታ ሄጄ «በመላው አገር ተሰሙ» ብዬ ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። «አሁን ማሞቂያውን ይሠሩታል ማለት ነው?»

«ይሠሩታል» አልኳቸው።

ሳምንት ሳይሞላ የከተማው የቤት ተቆጣጣሪ ኢንስፔክተሮች መጡ። ባትሪ ይዘው ቤት ለቤት ገቡ፣ ቦይለሩ ያለበትን ክፍል አስከፈቱ፣ ጋዙን ዘጉ። እኛ ሊጠግኑት ነው ብለን ደስ ብሎን በረንዳ ላይ ቆመን እናያለን። በማግስቱ በየበሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አነበበችውና «ዳዲ፣ ዊ ሀቭ ቱ ሊቭ» አለችኝ፤ መውጣት አለብን ማለቷ ነው። አላመንኳትም፤ ራሴ አነበብኩት። ሕንፃው ለመኖሪያ ብቁ አይደለም፤ ነዋሪዎች ለደኅንነታቸው ሲባል በሁለት ቀን ውስጥ ይውጡ ይላል። ከሬዲዮ የተማርኳቸው ቃላት ናቸው። የአንዱንም ትርጉም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እትዬ ወረቀቱን ከበራቸው ላይ ልጠው በእጃቸው ይዘውት አገኘኋቸው።

«ምን ይላል?»

ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት።

«ያስተካክሉታል አላልከኝም?»

 ባለቤቴና እኔ ዕቃቸውን በካርቶንና በጥቁር ፌስታል ሸከፍንላቸው። እኛን እንዲያጓጉዙ ከተማው የላካቸው አውቶቡሶች የሚጭኑት በእጅ የሚያዝ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሶፋው ጀርባው ሻግቶ ስለነበር በኋላም የሚወስድልን መኪና አላገኘንም። እትዬ ሳይለምኑን ሳይቆጡን ነጠላ አልብሰውት ወጡ። በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፉት።

ኤርፖርት አጠገብ አንድ ሆቴል ውስጥ አስቀመጡን። የሚያስቀው ነገር፣ እትዬ ዕድሜያቸውን ሲያጸዱ የኖሩት ዓይነት ክፍል መሆኑ ነው። አልጋቸውን ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ያነጥፉ ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እስክትመጣ አይጠብቁም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደውለው «እስቲ ና» አሉኝ። ስገባ ከጸሎት ቤታቸው የመጣች አንዲት ነርስ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ፕሮግራሙን በስልኳ ከፍታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተርጉማላቸዋለች።

«እኔ ነኝ ሰው የሚኖርበት ቦታ አይደለም ያልኩት?» አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«እርስዎ አይደሉም።»

«ታዲያ ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሴትዮዋ አንተንም ልቅዳህ ብላህ ነበር አይደል?»

«ብላኝ ነበር።»

«ምን አልካት?»

«ይቅርብኝ አልኳት። ሊዙ በስሜ ነው፤ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔንስ አያስወጡኝም?»

ያነጠፉትን አልጋ ልብስ ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

«የልብህን በራስህ አፍ ብትናገር ምን ነበረበት?» አሉኝ። «የእኔን አፍ ለምን ወሰድክ?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ፤ የለመደ አፍ የሚለው እንጂ ከልብ የወጣ አልነበረም። ከዚያ ጋዜጠኛዋን ጥራልኝ አሉኝ።

ጋዜጠኛዋ መልካም ሰው ነች፤ ያለችበት ሌላ ከተማ ቢሆንም በዚያው ሳምንት መጣች። ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ተቀመጥን። እኔ ወንበር ስስብ እትዬ በጣታቸው ራቅ ያለውን ወንበር አሳዩኝ። «አንተ እዚያ ሁን። ራሴ ነኝ የምናገረው።»

የሚያውቁት እንግሊዝኛ የክፍል ጽዳት እንግሊዝኛ ነው፤ ፎጣው ታወል፣ አንሶላው ሺት፣ ክፍል መልቀቁ ቼክ አውት። በዚያው ተናገሩ። «ማይ ሀውስ ኖ ባድ» አሉ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው። «ሂት ብሮክ። ዩ ፊክስ ሂት። አይ ስቴይ። ማይ ሀዝባንድ ሲት ዜር፣ ሂ ጎ ፍሮም ዜር። አይ ኖ ቼክ አውት።» ከዚያ ወደ እኔ አመለከቱ፦ «ዚስ ማን፣ ቶክ ሮንግ።»

ጋዜጠኛዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ማይክሮፎኑን ይዛ ወደ እኔ መጣችና «እውነት ነው?» አለችኝ። እንዳትቀዳኝ ልላት እችል ነበር። አላልኳትም። ምን እንዳሉ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ሶፋው ስላለመሰበሩ ጭምር፣ ሁሉን ነገርኳት።   ስጨርስ ማሽኗን አጥፍታ «ቅጂውን አማርኛ ለሚያውቅ ሌላ ሰው ላሰማው ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች።

ያ ቅጂ ግን አልተላለፈም። ከወር በኋላ ኢሜይል ጻፈችልኝ፤ ተከታታዩ ዝግጅት ወደ ሌላ ከተማ አልፏል፣ አለቆቿ ቦታ የለንም ብለዋታል። ድረ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን አስተካክላዋለች። ገብቼ አየሁት። ከሥር፣ በትናንሽ ፊደል፣ የነዋሪዋ ንግግር በትክክል አለመተርጎሙንና ያሉት ቤቱ እንዲጠገን መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ተጨምሯል። ለእትዬ አነበብኩላቸው። «ሬዲዮ ላይ ተናገሩት?» አሉኝ። «አይ፣ ተጽፎ ነው» አልኳቸው። «እንግዲህ ማን ያነበዋል» አሉ።

የሆቴሉ ጊዜ ሲያልቅ እኛ ሊንደን የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ አፓርትመንት አገኘን። ይሞቃል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ሳምንት በእጅጌ የለሽ ቀሚስ ነው የዋለችው። መውጣት ፈልገን ነበር፤ ወጣን፤ እውነቱን ለመናገር ለእኛ ደህና ሆነልን፤ ይሄም ነው ከሁሉ የሚከብደኝ። እትዬ ከጸሎት ቤታቸው ሰዎች ዘንድ ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ያለ ክፍል፣ ውስጥ ገቡ። ደረጃው ለጉልበታቸው ከባድ ነበር። እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ በጨዋነት ይቀበሉኛል፣ ስለ ልጄ ይጠይቁኛል፣ ሻይ ያቀርባሉ። እንደ ድሮው ግን «ልጄ» ብለው አይጠሩኝም። ለአረጋውያን ቤት ማመልከቻ ስንሞላ ነርሷ እንድታነብላቸው ይጠብቃሉ፤ እኔ እስክሪብቶውን ብቻ አቀብላለሁ።

ኮምፕሌክሱ በመስኮቱ ሁሉ ጣውላ ተመትቶበት፣ አጥር ታጥሮበት ቀረ። ባለቤቱ የተባለው ድርጅት ሳይጠግነውም ሳያፈርሰውም ዓመቱ ወደ ማለቂያው ደረሰ።

በ2022 መጸው የወንድማቸው ልጅ ዴንቨር ይምጡ አለና ትኬት ቆረጠላቸው። ኤርፖርት የማድረሱን ነገር እኔ ነኝ የለመንኩት። መንገድ ላይ ሬዲዮውን አልከፈትኩም። የድሮ ኮምፕሌክሳችንን በር አልፈን ስንሄድ አንገታቸውን አዙረው አጥሩን አዩት። የኤርፖርቱ ዊልቸር ገፊ አበሻ ሆኖ ተገኘ፤ ጠና ያለ ሰውዬ። እትዬን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከለላቸው። እኔን «በል ሂድ፣ ሥራህ ይረፍድብሃል» አሉኝ። ጉንጬን ሳሙኝ፤ እጄን ግን ቶሎ ለቀቁት።

ሲገፋቸው «ከየት ነዎት እትዬ?» ሲላቸው ሰማሁ።

«ከዚሁ ነኝ» አሉት። «ቤቴ ዋይትሆል ነው።»

በመስታወቱ በር ገቡ። እኔም ቀጣዩን ተሳፋሪ ላነሳ ሄድኩ።